የዲኤክስ ሞተር በግቢ ውስጥ፦ ይታደስ ወይስ ይቀየር?

ነገሩ የተገለጠልኝ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ ነው። ከኋላዬ ሲያዘግም የቆየ ሚኒባስ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈኝና ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «ወንድሜ፣ ዕጣን ነው የምታጨሰው?» አለኝ። በመስታወት ሳይ መንገዱ ሰማያዊ ሆኗል። ዲኤክሷ፣ አሮጌዋ ቶዮታ ኮሮላዬ፣ ዘይት መብላት ከጀመረች ሰንብታለች፤ በየሁለት ሳምንቱ እየጨመርኩ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።

በዚያ ሳምንት ሦስት ጋራዥ ዞርኩ። አንዱ ኮፈኑን ሳይከፍት «ሞተር ይወርዳል» አለ። ሁለተኛው «እሱን ጥለህ 5ኬ የሚባለውን ሞተር ክተትባት» አለ። ሦስተኛው ወፍራም ዘይት ሞልቼ ቶሎ እንድሸጣት መከረኝ፤ ቅንነት ይጎድለዋል እንጂ ከሦስቱ ርካሹ ምክር እሱ ነበር። ሦስቱም ግን አንድም ነገር አልለኩም። እኔም በኋላ ሳልለካ ገዝቼ ዋጋዬን አግኝቻለሁ፤ ስደርስበት እነግራችኋለሁ። ሞተር በግቢ ውስጥ፣ በቅዳሜና በእሁድ፣ በትንሽ ገንዘብ መሥራት ይቻላል። ገንዘቡ የሚተርፈው ግን ከሜካኒኩ የእጅ ዋጋ ይልቅ፣ ዕቃ ሳይገዛ በፊት በሚለካው ነገር ላይ ነው።

ለምን አሮጌ ሞተር ላይ ይህን ያህል ይለፋል የሚል ካለ፣ መልሱ ገበያው ላይ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ቀረጥ ሰማይ አደረሰው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የመለዋወጫ ዋጋም አብሮ ዘለለ። እጁ ላይ መኪና ያለው ሰው እሷኑ ማኖር ነው ያለው።

የኔዋ ኬኢ70 የተባለችው ኮሮላ ናት፤ ሞዴሉ በፈረንጅ 1979 የወጣ ነው። ሞተሯ 4ኬ ይባላል። ለመማሪያ ከእሱ የተሻለ አላውቅም፦ ኮምፒውተር የለው፣ ሴንሰር የለው፣ ካምሻፍቱ ከላይ ሳይሆን ሞኖብሎኩ፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ ያሉበት ዋናው የሞተር አካል፣ ውስጥ ተቀምጦ ቫልቮቹን በረጃጅም ዘንጎች ይገፋል፤ የሚያዞረውም ቺንጋ ሳይሆን ሰንሰለት ነው። አራት ሲሊንደር፣ የእያንዳንዱ ስፋት 75 ሚሊ ሜትር፣ ፒስተኑ የሚወጣና የሚወርድበት ርቀት 73 ሚሊ ሜትር። አራቱን አባዝታችሁ ስትደምሩ 1290 ሲሲ ይመጣል።

በነገራችን ላይ ጋራዦቻችን እስከ ዛሬ ጣሊያንኛ ነው የሚያወሩት። ከላይ የሚገጠመው ክዳን ቴስታታ፣ በመካከል የሚነጠፈው ጓርኒሲዮን፣ ፒስተኑን ከታች የሚይዘው ቢየላ፣ ፒስተኑ ላይ የሚጠመጠሙት ቀለበቶች ፋሻ፣ ዋናው ዘንግ፣ ክራንክ ሻፍቱ፣ የሚሽከረከርባቸው ግማሽ ጨረቃዎች ብሮንዚና። ጣሊያን በአምስት ዓመት ወጣ፤ ቃሉ ቀረ። ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ዕቃ ስትጠይቁ መጽሐፍ ላይ ያያችሁትን የእንግሊዝኛ ስም ብትጠሩ ባለሱቁ ፊታችሁን አይቶ ዋጋ ይጨምራል፤ ስለዚህ እነዚህን ቃላት ልመዱ።

አርጅቶ የሚደክም ሞተር በአብዛኛው የሚያልቀው ሦስት ቦታ ላይ ነው። ፋሻው ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር የሚፋተግበት፣ ቫልቩ ከመቀመጫው ጋር የሚገጥምበት፣ ብሮንዚናው ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚገናኝበት። የመጀመሪያው ሲያልቅ ዘይት ትበላለች፣ ጉልበት ታጣለች። ሁለተኛው ሲያልቅ ጠዋት አልነሳ ትላለች፣ ዳገት እምቢ ትላለች። ሦስተኛው ሲያልቅ ታንኳኳለች፤ የዘይት መብራቷም ሞተሩ ሞቆ ቀስ ብላ ስትሠራ ብልጭ ድርግም ይላል። ሦስቱ የተለያየ ሕክምና፣ የተለያየ ዋጋ አላቸው። «ሞተር ይወርዳል» የሚለው ቃል ሦስቱንም በአንድ ከረጢት ከትቶ በአንድ ዋጋ ይሸጥላችኋል።

ጭሱም ይናገራል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየነደደ ነው፤ ቁልቁለት ወርዳችሁ ነዳጅ ስትረግጡ ወይም ጠዋት ስትነሳ ብቻ ቡፍ የሚል ከሆነ የቫልቭ ጎማዎቹን ጠርጥሩ፣ ዳገት ላይ ያለማቋረጥ ከሆነ ፋሻውን። ወፍራም ነጭ ሆኖ ከሞቀችም በኋላ የማይጠፋ ከሆነ ውሃ ገብቷል። ጥቁር ከሆነ ደስ ይበላችሁ፤ ቤንዚን በዝቶ ነው፣ ካርቡራተር ማስተካከል ብቻ ይሆናል።

ከዚያ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጠረው ግፊት፣ ይለካል። መለኪያው በካንዴላ ቀዳዳ የሚገባ ሰዓት ነው፤ አንድ ጊዜ ገዝታችሁ ዕድሜ ልክ ትጠቀሙበታላችሁ፣ ጎረቤትም ይዋሰዋል። ሞተሩ ይሙቅ፣ ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ አራቱም ካንዴላዎች ይውጡ፣ የቦቢናው ሽቦ ይነቀል። አንድ ሰው ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጦ ሞቶሪኖውን ያዙር፤ ሰዓቱ ማደጉን እስኪያቆም አምስት ስድስት ዙር ይበቃል። አራቱንም ጻፉ።

እዚህ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ስንቱ ደህና ሞተር ያለጥፋቱ እንደሚፈረድበት ልንገራችሁ። የመኪናው መጽሐፍ ወይም ኢንተርኔት ላይ ያገኛችሁት ቁጥር በባሕር ጠለል ላይ የተለካ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። ሞተሩ የሚጨምቀው አየር ከመነሻው ስስ ስለሆነ ጅቡቲ ላይ 12 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር አዲስ አበባ ላይ 9 አካባቢ ያሳያል። ይህን የማያውቅ ሰው መጽሐፉን ከፍቶ፣ ሰዓቱን አይቶ፣ «አልቆለታል» ይላል። ስለዚህ ዋናው ነገር የአራቱ እርስ በርስ መቀራረብ ነው። አራቱም 8 እና 9 መካከል ከሆኑ ችግሩን ሌላ ቦታ ፈልጉ። አንዱ ከሌሎቹ ዘቅዝቆ ከወረደ በሽተኛው ተገኘ ማለት ነው።

የኔዎቹ 8.5፣ 8፣ 5 እና 8 ነበሩ። ሦስተኛው ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ አፍስሼ ደግሜ ለካሁ፤ ወደ 8 ዘለለ። ዘይቱ በፋሻውና በግድግዳው መካከል ያለውን ክፍተት ለጥቂት ሰከንድ ስለሚደፍነው፣ ቁጥሩ ከጨመረ ጥፋቱ የፋሻው ወይም የሲሊንደሩ ነው። ባይጨምር ኖሮ ቫልቭ እፈልግ ነበር፤ ያኔ ቴስታታውን ብቻ አንስቶ መሥራት ይበቃል፣ ሞተሩ ከቦታው አይነሳም። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ቢወርዱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጓርኒሲዮኑ በመካከላቸው ተቃጥሏል። ሃያ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ሦስቱም ጋራዦች አልሠሩትም።

ይታደስ ወይስ ይቀየር

5ኬ የ4ኬ ታላቅ ወንድም ነው። የፒስተኑ ጉዞ ያው 73 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሲሊንደሩ ስፋት ግን 80.5 ነው፤ በዚያ ብቻ 1486 ሲሲ ይሆናል። ካምቢዮው ላይ ይገጥማል፣ መቀመጫውም ይቀራረባል። «4ኬውን ቆርጦ 80.5 ማድረስስ?» የሚለኝ አይጠፋም፤ አይሞከርም፣ በሲሊንደሩና በውሃው መካከል ያለው ግድግዳ ያን ያህል ሥጋ የለውም። ለዳገት ከተማ 5ኬ የሚያስቀና ሞተር ነው፤ አልዋሽም፣ እኔም አምሮኝ ነበር።

ችግሩ አብዛኛው 5ኬ የመጣው ላይትኤስ ከሚባለው የቶዮታ ሚኒባስ መሆኑ ነው። ላይትኤስ ላይ ሞተሩ ከወንበሩ ሥር ጋደል ብሎ ነው የሚተኛው። ስለዚህ የዘይት ኮፓው፣ የዘይት መምጠጫው፣ የጭስ መውጫው ቅርጽ ከኮሮላዋ ጋር አንድ ነው ብላችሁ አትተማመኑ። አሮጌውን ሞተር አራቁታችሁ ለቁራሌው ከመስጠታችሁ በፊት አዲሱ ተነስቶ ሳምንት ይነዳ፤ ከላዩ የምትፈልጉት አንድ ነገር ሁልጊዜ አይጠፋም። ፍሪሲዮኑ ካምቢዮው ዘንግ ላይ መግባቱን በእጃችሁ ሞክሩ። የ4ኬ ካርቡራተር ያስነሳዋል፣ ግን ቤንዚኑ ያንሰዋል።

ከዚያ አልፎ 4ኤ ወይም ሌላ ዘመናዊ ሞተር ዲኤክስ ውስጥ መክተት የሚያምራቸው አሉ። ይቻላል፤ በሌላ አገር ብዙ ሰው አድርጎታል። ያኔ ግን መቀመጫ ይበየዳል፣ ካምቢዮ ይቀየራል፣ ማርሚታ እንደገና ይሠራል፣ የቤንዚን ፓምፕ ይመጣል፣ ሽቦ ይዘረጋል። የሞተሩን ዋጋ ብቻ የያዘ ሰው ግማሽ ላይ ይቆምና መኪናዋ ሸራ ለብሳ የዶሮ ማደሪያ ትሆናለች። በትንሽ ገንዘብ የሚለው ቃል እዚያ ጋ አብቅቷል። የቪትዝ ባለቤቶችም ብትሆኑ ኮምፒውተሩና ሽቦው ከሞተሩ ጋር የተጋቡ ስለሆኑ ያንኑ ዓይነት በዚያው ዓይነት ከመተካት አትውጡ።

አንድ ብዙ ሰው የማያስበው ወጪ አለ፦ ሊብሬ። ሊብሬው ላይ የሻንሲ ቁጥር ብቻ ሳይሆን የሞተር ቁጥርም ተጽፏል፤ ቁጥሩ ደግሞ የተመታው ሞኖብሎኩ ላይ ነው። የራሳችሁን ሞኖብሎክ ካደሳችሁ ምንም ወረቀት አይነካም። ሌላ ከገባ ግን ቁጥሩ መቀየር አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ሞተሩ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ሕጋዊ ደረሰኝና የጉምሩክ ወረቀት ትጠየቃላችሁ። ሻጩ «ወረቀቱን በኋላ አመጣልሃለሁ» ካለ፣ ገንዘቡንም በኋላ ስጡት። ዓመታዊ ምርመራ ላይ ቁጥሩ አልገናኝ ያለ ቀን ቦሎ የለም፣ መኪናዋን መሸጥም የለም።

ያገለገለ ሞተር፣ የዱባይ የሚባለውን ማለቴ ነው፣ ልትገዙ ከሄዳችሁ ካንዴላዎቹን አስወጥታችሁ በእጅ አዙሩት፤ እኩል መዞር አለበት። የዘይት መሙያ ክዳኑን ገልብጡ፤ ማኪያቶ የመሰለ ነጭ አረፋ ካለው ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል። የውሃ መውጫውን በጣት ዳብሱ፤ ዝገቱ እንደ አፈር ከተቆረሰ ውስጡም እንዲሁ ነው። ባትሪና ሞቶሪኖ ካለ መሬት ላይ እንዳለ ኮምፕሬሽኑን ለኩት። ይህን እምቢ የሚል ሻጭ መልሱን ነግሯችኋል።

መቀየር የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ቢየላ ሞኖብሎኩን ጥሶ ከወጣ፣ ሞኖብሎኩ ከተሰነጠቀ፣ ወይም ክራንክ ሻፍቱ ተቆርጦ ተቆርጦ የመጨረሻው ልኬት ላይ ከደረሰና ሌላ ካልተገኘ ማደስ ዘበት ነው። ሲሊንደሩ የመጨረሻው ልኬት ላይ ደርሶ ከሆነ ግን ካሚቻ፣ ማለትም ውስጡን የሚያለብስ አዲስ የብረት ቱቦ፣ ማስገባት ይቻላል፤ ተስፋ አትቁረጡ። የኔው ከእነዚህ አንዱም አልነበረበትም። አደስኩት።

ማውረድ

ሞተሩን ማውጣት ከሥራው ሁሉ ቀላሉና አደገኛው ነው። ባትሪው ይፈታ፣ መጀመሪያ ኔጋቲቩ። ውሃና ዘይት ይውረድ፣ ኮፈኑ ይነሳ፣ ራዲያተሩ ይውጣ። እያንዳንዱን ሽቦና ቱቦ ከመንቀላችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱና በፕላስተር ቁጥር ለጥፉበት። ብሎኖቹን በየቦታቸው ለያይታችሁ በትናንሽ ፌስታል እሰሩ፤ ሁሉንም በአንድ ጣሳ የጨመረ ሰው በሁለተኛው ወር ሦስት ዳዶ ተርፎት ያለቅሳል።

መኪና ሥር በክሪክ ብቻ አትግቡ። ይህን ቀልድ አላደርገውም። ክሪክ ለማንሳት ነው፤ ለመያዝ እግር ያለው የብረት መደገፊያ ወይም ወፍራም ግንድ ያስፈልጋል። ድንጋይና ብሎኬት ሳይታሰብ ይፈረካከሳል። ሞተሩን ለማንጠልጠል ሰፈር ውስጥ ፓራንኮ የሚያከራይ ይገኛል፤ የሚሰቀልበትን ነገር ግን አስቡበት። የግቢው አጣና ወይም የበረንዳው ጣውላ ሞተር ለመሸከም አልተሠራም። እኛ ሦስት እግር ያለው የብረት ቱቦ ከአንድ ብየዳ ቤት ተከራየን። ማንም ሰው እጁን ከተንጠለጠለ ሞተር ሥር አላስገባም፤ ሕጋችን እሱ ነበር።

ሲፈታ ቅደም ተከተሉ ራሱ መረጃ ነው። የቫልቭ መግፊያ ዘንጎቹን በእንቁላል መያዣ ካርቶን ላይ ቀዳድቼ በተራቸው ሰካኋቸው፤ ለዓመታት ከያዙት ቦታ ጋር ተላምደዋልና ወደዚያው መመለስ አለባቸው። የቢየላ ክዳኖች አይለዋወጡም፤ ክዳኑና ቢየላው አብረው የተቆረጡ ናቸውና አንዱን ከሌላው ጋር ብታጋቡ ክቡ ክብ መሆኑን ይተዋል። ከመፍታታችሁ በፊት በነጥብ መምቻ ምልክት አድርጉባቸው፤ አንድ ነጥብ ለአንደኛው፣ ሁለት ለሁለተኛው።

ሦስተኛው ፒስተን ሲወጣ የላይኛው ፋሻ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር። ስብርባሪው ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ጭሮታል፤ ጥፍር የሚይዘው ጭረት። ሰዓቱ ያለው 5 ባር ዓይኔ ላይ ቆመ።

ቶርኖ ቤት

አሁን የኔ ስሕተት። ጭረቱን ባየሁ ማግስት ሶማሌ ተራ ሄጄ 50 ፒስተን ከነፋሻው ገዛሁ። ያገኘሁት ዋጋ ጥሩ ነበር፣ ሻጩም «ነገ ይጨምራል» አለኝ። 50 ማለት ከመጀመሪያው ልኬት ግማሽ ሚሊ ሜትር የሰፋ ማለት ነው፤ 75 የነበረው ሲሊንደር ወደ 75.5 ይቆረጣል። ከእሱ በፊት 25፣ ከእሱ በኋላ 75 እና 100 አሉ። እኔ «መካከለኛውን» መረጥኩ፤ ጫማ የምገዛ መሰለኝ።

ቶርኖ ቤቱ፣ ብረት የሚቆረጥበትና የሚላጭበት ቤት፣ ያሉት ሰውዬ ዕድሜያቸው ከአባቴ የሚበልጥ ነው። ሞኖብሎኩን ከባጃጅ ስናወርድ የፒስተኑን ካርቶን በእጄ አዩት።

«ፒስተን ገዝተሃል እንዴ?»

«አዎ ጋሼ። 50 ነው።»

«ማን ለካልህ?»

ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም ብለው የውስጥ መለኪያውን አወጡና ሦስተኛውን ሲሊንደር ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች ለኩት፤ ከዚያ መለኪያውን ሩብ ዙር አዙረው ደገሙት። ስድስት ቁጥር። ሲሊንደር እኩል አያልቅም፤ ከላይ፣ ፒስተኑ ለቅጽበት ቆሞ የሚመለስበትና ዘይት የሚያንስበት ቦታ ላይ ይበልጥ ይሰፋል፣ ወደ ጎንም ሞላላ ይሆናል። የኔው ከላይ 75.41 ነበር፤ ጭረቱን ሲጨምሩበት በ50 ተቆርጦ ንጹሕ ግድግዳ አይወጣም። አራቱም ደግሞ አንድ ልኬት መሆን አለባቸው። «በ75 ነው የሚጸዳው የኔ ልጅ» አሉ። ሻጩ ጋ ስመለስ ደረሰኙ ላይ ያለውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» በጣቱ አሳየኝ። ያ ካርቶን እስከ ዛሬ መደርደሪያዬ ላይ ነው፤ 4ኬ 50 የምትፈልጉ ካላችሁ።

አስቀድሞ መለካት ሌላም ጥቅም አለው፦ ፒስተኖቹ ከቁረጣው በፊት ተገዝተው ለቶርኖ ቤቱ ይሰጣሉ፤ ግን ከልኬቱ በኋላ። ባለሙያው እያንዳንዱን ፒስተን ለክቶ ሲሊንደሩን ለእሱ ይቆርጥለታል። ተለክቶ፣ ተገዝቶ፣ ተቆርጦ፤ ይኸው ነው ተራው።

ክራንክ ሻፍቱን ጥፍሬን በላዩ ስጎትት ምንም አልያዘኝም፤ ሲለካም ስታንዳርድ ነበር። ማለስለስ ብቻ በቃው። ባይሆን ኖሮ በ25 ወይም በ50 ይቆረጥና ብሮንዚናው በዚያው ቁጥር ይገዛል። አሮጌ ብሮንዚና ላይ ከብሩ ቀለም ሥር የመዳብ ቀለም ብቅ ካለ ጊዜው አልፏል።

ቴስታታውም ለመላጨት እዚያው ቀረ። መስታወት ላይ አሸዋ ወረቀት ለጥፈው ቤት ውስጥ የሚልጉት አሉ፤ እኔ አልመክርም፣ የቶርኖ ቤቱ ዋጋ ከአንድ የተቃጠለ ጓርኒሲዮን ያንሳል። ቫልቮቹን ግን ራሴ ፈጨሁ። የቫልቭ መፍጫ ቅባት ጠርዙ ላይ ቀብታችሁ፣ ጫፉ ላይ የላስቲክ መምጠጫ ያለው ዘንግ ለጥፋችሁ፣ በሁለት መዳፍ መካከል እንደ እንዝርት ማሽከርከር ነው። በየጊዜው እያነሱ ትንሽ አዙሮ መመለስ። ድምፁ መጀመሪያ ሻካራ ነው፣ ቅባቱ ሲያልቅ ይለሰልሳል። ቫልቩና መቀመጫው ላይ ያልተቆራረጠ ግራጫ ቀለበት ሲወጣ በቃ። ለማረጋገጥ ቫልቮቹን ገጥማችሁ ቀዳዳው ውስጥ ላምባ አፍስሱና ቡና ጠጥታችሁ ተመለሱ፤ ከሥር ያልረጠበ ደርሷል። ስምንቱ ቫልቮች የሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ወሰዱብኝ፣ ወጪዬ የቅባቱ ነው።

እንግዲህ የሚቆጠበው እንዲህ ያለው ቦታ ላይ ነው፦ መፍታት፣ ማጠብ፣ ካርቦን መፋቅ፣ ቫልቭ መፍጨት። ፋሻ፣ ብሮንዚና፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮንና የዘይት ማገጃ ላስቲኮች ላይ ግን ርካሹን አትያዙ። አንዷን አሥር ብር የምታተርፍ ላስቲክ ለመቀየር ሞተሩ ሙሉ እንደገና ይወርዳል።

መግጠም

የተቆረጠ ሞኖብሎክ ንጹሕ ቢመስልም አይደለም። በሙቅ ውሃና በኦሞ ፈትጉት፣ የዘይት መሄጃ ቀዳዳዎቹን በረጅም ብሩሽ፣ ከዚያ በአየር አድርቁና ወዲያው ዘይት ቀቡ፤ ትኩስ ብረት ዓይናችሁ እያየ ይዝጋል። ነጭ ጨርቅ ሲሊንደሩ ውስጥ አዙራችሁ ግራጫ እስካወጣ ድረስ አልታጠበም።

ፋሻውን ፒስተኑ ላይ ከማልበሳችሁ በፊት ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ አስገቡት፣ በፒስተን ጀርባ ገፍታችሁ ቀጥ አድርጉትና የጫፎቹን ክፍተት በስፔሶር፣ ክፍተት በሚለካው ስስ የብረት ቅጠል፣ ለኩ። ለዚህ ስፋት 0.30 ሚሊ ሜትር አካባቢ ደህና ነው። ካነሰ ሲሞቅ ጫፎቹ ተጋጭተው ይሰበራል፤ የቀድሞው ሦስተኛ ፋሻዬ የሞተው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። አነስ ካለ በቀጭን ሞረድ ይስተካከላል። ፊደል ያለበት ገጽ ወደ ላይ፤ የፋሻዎቹ መክፈቻዎች በአንድ መስመር አይደርደሩ።

የብሮንዚናውን ክፍተት የምታዩበት ፕላስቲጌጅ የሚባል ፀጉር የሚያህል የፕላስቲክ ክር አለ። ዘንጉ ላይ አጋድማችሁ ክዳኑን በልኩ ታጠብቃላችሁ፣ ፈታችሁ የተደፈጠጠውን ስፋት ከወረቀቱ መለኪያ ጋር ታስተያያላችሁ። ከ0.03 እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር መሃል ከሆነ እሰየው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ አስይዙት፤ ከደብዳቤ አይከብድም።

ብሎኖቹ በጉልበት አይጠበቁም፤ ልክ የሚያሳይ ቁልፍ ያስፈልጋል። ከሌላችሁ ለአንድ ቀን ተከራዩ ወይም ለምኑ። ቴስታታው ከመሃል ተጀምሮ ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር፣ የመጽሐፉ ቁጥር እስኪደርስ ይጠበቃል። የሰንሰለቱን ምልክቶች ሁለት ሰው ይያቸው። ዲስትሪቢውተሩን ስትከቱ አንደኛው ፒስተን ላይኛው ጫፍ መድረሱ ብቻ አይበቃም፣ ሁለቱም ቫልቮቹ የተዘጉ መሆን አለባቸው፤ አለዚያ ግማሽ ዙር ይስታል። የኔው ስቶ ነበር። መጀመሪያ ሳስነሳት በካርቡራተሩ እሳት ተፋችና ጎረቤቴ «ተኩስ ነው?» ብለው ወጡ። የካንዴላ ገመዶቹ ተራ 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው።

ከማስነሳታችሁ በፊት ካንዴላዎቹ ወጥተው ሳለ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞቶሪኖ አዙሩ፤ ደረቅ ብሮንዚና የመጀመሪያዋ ደቂቃ ላይ ነው የሚቃጠለው። ራዲያተሩ ውስጥ የቧንቧ ውሃ ብቻ ሳይሆን የራዲያተር ፈሳሽ ጨምሩ። ስትነሳ ቆማ እንድታጉረመርም አትተዋት፤ አዲስ ፋሻ ግድግዳውን የሚላመደው ጭነት ሲያገኝ ነው። ሙቀቷን አይታችሁ፣ የሚንጠባጠብ አለመኖሩን አረጋግጣችሁ ይዛችኋት ውጡ፤ መካከለኛ ዳገት በመካከለኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ሰጥቶ ለቀቅ፣ ሰጥቶ ለቀቅ። በአንድ ፍጥነት ረጅም መንገድ አትውሰዷት።

ሞቃ ሳለች ቫልቮቹን አስተካክሉ፤ ለ4ኬ የመግቢያው 0.20፣ የመውጫው 0.30 ሚሊ ሜትር ነው። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት በኋላ ሞተሩ በርዶ ቴስታታውን እንደገና በልኩ ፈትሹ።

500 ኪሎ ሜትር ላይ ዘይቱን አውርዱ። በነጭ ጨርቅ አጥልዬ ፀሐይ ላይ ዘረጋሁት፤ እንደ ዱቄት የላመ ጥቂት ግራጫ ነበረበት፣ እሱ የፋሻው መላመድ ነው። የመዳብ ቀለም ያለው ብልጭታ ወይም ጣት የሚሰማው ቅንጣት ቢኖር ኮፓውን እከፍት ነበር። አልነበረም። ፊልትሮ ቀይሬ ሞላሁ።